የጠዋት ጢስ

ውድ ልጆች! ዛሬ እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዴት እንኖር እንደ ነበር አጫውታችኋለሁ። ነገሩ ተረት አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። በጽሞና ተከተሉኝ።

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ነው። መንደራችን ከደብረ ብርሃን ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ያስኬዳል። ጊዜው የ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ነበር። አገሩ ደጋ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ቤቶቻችን ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ክዳናቸው ሣር ነው። የኤሌክትሪክ መብራት የለም፤ ማታ በኩራዝ ነው የምንተያየው። ቧንቧም የለም፤ እኅቶቻችን ውኃ ከምንጭ በእንሥራ ይቀዳሉ። በመንደሩ ሁሉ የነበረው ሬዲዮ አንድ ብቻ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ባለቤቱ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ዜና ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ደጃቸው ላይ ይሰበሰባል።

“ታዲያ ልጆች ምን ትጫወቱ ነበር?” ትሉኝ ይሆናል። መጫወቻ የሚሸጥበት ሱቅ አልነበረም፤ ሁሉን የምንሠራው ራሳችን ነን። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰን በጠጠር ገበጣ እንጫወታለን። ለቡሄ ጅራፍ እንገምዳለን፤ ለገና ደግሞ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን፣ ሩር ሠርተን ሜዳ እንወርዳለን። ማታ ምድጃ ዙሪያ እንቆቅልሽ እንባባላለን። መልሱ የጠፋበት ልጅ “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ብዙ የአገራችንን ከተሞች ስም መጀመሪያ የሰማሁት በካርታ ሳይሆን በዚህ ጨዋታ ነው።

ፊደል የቆጠርነው ደግሞ ከየኔታ ዘንድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለች አንዲት ዛፍ ሥር ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ሆነው 231 ይሆናሉ። እነዚያን በስንደዶ እየጠቆምን፣ በአንድ ድምፅ እየጮኽን እንቆጥራለን። ፊደል ከዚያም አቡጊዳ፣ እያለ እስከ ዳዊት ይደርሳል። የኔታ አንድ ሲሆኑ እኛ ብዙ ነበርን፤ ስለዚህ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስጠናል። የተማረውን ለራሱ ብቻ የሚይዝ ልጅ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ይኸውም ስለ እሳት ነው። በዚያ ዘመን ክብሪት ነበረ፤ ነገር ግን በገንዘብ የሚገዛ ነውና ይቆጠባል። እናቴ ማታ ከመተኛቷ በፊት ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ስትገልጠው ፍሙ ሳይጠፋ ይቆያታል፤ ደረቅ ኩበት ጨምራ እፍ ስትልበት ይያያዛል። ጠፍቶ ያደረ እንደ ሆነ ግን ገል፣ ማለት የተሰበረ ሸክላ፣ ታስይዘኝና “ሂድ፣ እሳት ጭረህ ና” ትለኛለች።

እኔም እየሮጥሁ ጎረቤት እሄዳለሁ። ነገር ግን ዘው ብሎ ፍም መውሰድ ነውር ነው። መጀመሪያ “እንደምን አደራችሁ?” ይባላል። እነርሱም “እናትህ ደኅና አደረች? የታመመው ጥጃ እንዴት ሆነ?” ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን ተቀብለው፣ የራሳቸውን ወሬ ነግረው፣ ከገሉ ላይ ፍሙን ያደርጉልኛል። ልብ በሉ ልጆች! ወደ ቤቴ የምመለሰው እሳት ብቻ ይዤ አይደለም፤ የጎረቤቶቼንም ደኅንነት ይዤ ነው።

ከቤታችን በላይ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሁላችንም “እማሆይ” እንላቸዋለን። አንድ የክረምት ጠዋት እናቴ ደጅ ቆማ መንደሩን ስትቃኝ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። በየቤቱ ክዳን ጢስ ይወጣል፤ ከእማሆይ ቤት ግን አይወጣም። “ሂድ፣ እማሆይን እያቸው። ዛሬ እሳት አላነደዱም” አለችኝ።

በጭቃው እየተንሸራተትሁ ሄድሁና ከደጅ ተጣራሁ። ድምፅ የለም። በሩን ገፋ ሳደርገው እማሆይ መደባቸው ላይ ተኝተው በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። ተመልሼ ስናገር እናቴ ፍም በገል ይዛ ወጣች፤ አንዷ ጎረቤት አጥሚት ሠራች፤ ወንዶቹ ቃሬዛ አበጁ። እየተፈራረቁ ተሸክመው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ከሳምንታት በኋላ እማሆይ ድነው ተመለሱ። በማግሥቱ ከክዳናቸው ጢስ ሲወጣ ባየን ጊዜ እኛ ልጆች እልል አልን።

እንግዲህ “የድሮው ዘመን ከዛሬው ይሻላል ማለት ነው?” ብትሉኝ፣ አይደለም። በዚያን ጊዜ በመንደራችን ፊቱን ፈንጣጣ ያበላሸው ሰው ነበር። ዛሬ ያ በሽታ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱን አስታውቋል። ያን ጊዜ ብዙ ሴት ልጆች ውኃ ሲቀዱና ኩበት ሲለቅሙ ይውሉ ስለ ነበር ፊደል አልቆጠሩም። እናቴ ስሟን መጻፍ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ነው። እርሷ ስትጽፍ ኩራዙን የምይዝላት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ቧንቧው፣ ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ በረከት ናቸውና አመስግኑባቸው።

ነገር ግን ልጆች፣ አንድ ነገር አስቡ። በእኛ ጊዜ ድህነቱ ራሱ የጎረቤትን በር እንድናንኳኳ ያስገድደን ነበር። ዛሬ በከተማ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ቤት ጢስ አያወጣም። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ይታመም፣ ይራብ፣ ብቻውን ይዋል በጢስ አታውቁም። የምታውቁት በር አንኳኩታችሁ ስትጠይቁ ብቻ ነው። እኛ ችግር ያስተማረንን እናንተ በፍቅር አድርጉት። ጌታችንም ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ያለን ለዚህ ነው።

በዚህ ሳምንት በአጠገባችሁ ለብቻቸው ወደሚኖሩ አንድ አረጋዊ ወይም አረጋዊት ዘንድ ከወላጆቻችሁ ጋር ሂዱ። “እንደምን አደሩ?” በሉ። ውኃ መቅዳት ወይም ሱቅ መላክ ቢያስፈልጋቸው ታዘዟቸው። ከዚያም ስለ ልጅነታቸው ጠይቋቸው፤ እኔ ከነገርኋችሁ የበለጠ ያጫውቷችኋል። ደኅና ሁኑ ልጆች!

መልመጃ

1. እሳት ሊጭር የሄደ ልጅ ፍሙን ከመውሰዱ በፊት ምን ማድረግ ነበረበት?
2. የጸሐፊው እናት እማሆይ መታመማቸውን የጠረጠሩት በምን ምልክት ነው?
3. ከዚያ ዘመን ዛሬ በመቅረቱ ደስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? መቅረት የማይገባውስ?
4. አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤቶቻችሁን ስለ ልጅነታቸው ጠይቁና የነገሯችሁን ለክፍላችሁ አቅርቡ።