ሞተሩ ተለወጠ፤ ፍሬኑስ?

አባቴ ያቺን ቶዮታ ሃይሉክስ የገዟት እኔ ከመወለዴ አስቀድሞ በ1972 ዓ.ም. ነበር። ሰማያዊ ቀለም ያላት፣ በጋቢናዋ ሦስት ሰው የምታስቀምጥ ፒካፕ ናት። ከደብረ ሲና ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን እህል እያመላለሰች አምስት ልጆች አሳድጋለች። በበዓል ቀን ደግሞ የደብራችንን ድንኳንና ከበሮ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችንንም መዘምራን ይዛ ወደየንግሡ ስትወርድና ስትወጣ ኖራለች። በኋላ ግን የቤንዚን ሞተሯ ደከመ። ዘይት ትጨርሳለች፤ ጭስ ትተፋለች፤ የጣርማ በርን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እየቃተተች ትወጣው ጀመር።

ብዙዎች «ሽጧት» አሉ። አባቴ ግን አልፈቀዱም። እኔም በጋራዥ ተቀጥሬ ሙያ እማር ስለ ነበር፣ ከተገለበጠች የቤት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር አግኝቼ ልገጥምላቸው ቃል ገባሁ። ሞተሩ መካኒኮች «ቱኤል» የሚሉት፣ 2,446 ሲሲ የሆነ፣ አራት ፒስቶን ያለው የቶዮታ ሥራ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት መካኒክ ሊያግዙኝ ቢስማሙም አስቀድመው አንድ ነገር ተናገሩኝ፦ «ልጄ፣ ሞተር መለወጥ ልብ መለወጥ ነው። ልቡ ሲለወጥ ሥጋው ሁሉ ይጠየቃል።»

ነገሩ የገባኝ ሥራው ሲጀመር ነው። የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ያምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ከመጠኑ ወደ ሃያ ሁለት እጅ ገደማ አሳንሶ ያምቀዋል፤ አየሩ ከመታመቁ የተነሣ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበትም ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አሠርቶ ያሳየው ጥበብ ይህ ነው። ይህን ሁሉ እመቃ የሚሸከም ሞተር ወፍራምና ከባድ መሆን ግድ ይለዋል።

ስለዚህ ሞተሩን የሚሸከሙት መቀመጫዎች በሻንሲው ላይ እንደ ገና ተበየዱ። ካምቢዮው ከአዲሱ ሞተር ጋር እንዲገጥም ተደረገ። የፊት እግሯ ለክብደቱ ተጠናከረ፤ ራዲያተሩ በሰፊ ተተካ። የነዳጁ ጋን ከቤንዚን ተራቁቶ ታጠበ፤ ከሞተሩ ተርፎ የሚመለሰው ናፍጣ የሚገባበት ሁለተኛ ቱቦም ተዘረጋለት። ለደብረ ብርሃን የጥር ብርድ አየሩን አስቀድመው የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ተፈተሹ፤ ባትሪውም በትልቅ ተለወጠ። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር እንዲስተካከልም ማመልከቻ አስገባን። ሦስት ሳምንት ደከምንና በጥር 18 ቀን ሞተሩ ተነሣ። ድምፁን ስሰማ ዕንባ ተናነቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የፍሬን መርገጫን የሚያቀልልን አጋዥ የሚሠራው አየር በመምጠጥ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መግቢያው ጠባብ በር ስላለው ከበስተኋላው ባዶነት ይፈጠራል፤ ፍሬኑም በዚያ ይታገዛል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ያለ ከልካይ ስለሚስብ ያ ባዶነት አይገኝበትም። ስለዚህ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ትሠራለታለች። እኛ የገዛነው ሞተር ዲናሞ አልነበረውም፤ ለጊዜው የአሮጌውን ሞተር ዲናሞ ገጥመንለት ነበር። መካኒኩም «ፓምፕ ያለው ዲናሞ ከአዲስ አበባ በ22 ይደርሳል፤ እስከዚያ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ጥር 21 ግን አስተርእዮ ማርያም ናት። መዘምራኑን በቆላው ወዳለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደማደርስ ተናግሬ ነበር፤ ተናግሬ ብቻ ሳይሆን ተመክቼበት ነበር። ፒካፗን በሰፈር ውስጥ ባዶዋን ነዳኋት። ፍሬኑ ጠጠር ቢልም ቆመች። «ይበቃል» አልሁ። በዋዜማው ጠዋት አባቴ መጡና በሞተሩ ላይ እጃቸውን ጭነው፦

«ሁሉ ነገር ተጠናቅቋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎን፣ አባባ» አልኋቸው።

አባቴ ግን የመንገድ ሰው ናቸውና በቃሌ ብቻ አልሄዱም። «እንግዲያው ሰው ከመጫናችን በፊት እህል እንጫንባት» ብለው አራት ኩንታል ስንዴ አስጫኑ። አጠገቤም ተቀምጠው ወደ ጣርማ በር ወጣን። ዳገቱን እንደ ወጣት ወጣችው፤ አባቴ ፈገግ አሉ። ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ያለውን፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ በመጀመሪያው ጠምዛዛ ፍሬኑን ረገጥሁ። ድንጋይ የረገጥሁ መሰለኝ። እንደ ገና ረገጥሁ፤ መኪናዋ ፍጥነቷን ጥቂት እንኳ አልቀነሰችም። በሁለት እግሬ ቆምሁበት። በቀኛችን ገደሉ ጉም ለብሶ ይታየኛል።

አባቴ አልጮኹም። «በማርሽ ያዛት። ሦስተኛ። አሁን ሁለተኛ» አሉኝ፤ እጃቸውን ሰድደውም ከመሪው አጠገብ ያለውን የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ ሳቡ። ከንፈራቸው የእመቤታችንን ስም ሲጠራ አየሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ ፒካፗ ተንቀጠቀጠች፤ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገብታም ቆመች። ከመንገዱ በታች አንድ ሕፃን በጎቹን እየነዳ አለፈ። ምን እንዳመለጠው አላወቀም።

ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ፓምፑ እንደሌለ፣ መካኒኩ ከልክለውኝ እንደ ነበር፣ እያወቅሁ «አዎን» እንዳልኋቸው ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው ስንዴውን አዩና፦ «ነገ በዚህ ላይ የሚቀመጡት አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ» አሉ። ቀጥለውም፦ «ሞተሩን ለውጠሃል፤ መኪናዋን ግን ገና አልለወጥሃትም» አሉኝ።

በዚያች ፒካፕ ወደ ንግሡ አልሄድንም። ማታ ለመዘምራኑ ያደረግሁትን ራሴ ነገርኋቸው፤ በአውቶቡስም ሄዱ። ውርደቱ ከበደኝ፤ ነገር ግን ከገደሉ ይቀልል ነበር። ዲናሞው በቀጠሮው መጣ። ፓምፑ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ለስልሶ ወረደ። መካኒኩን ይቅርታ ስጠይቃቸው «እኔን ሳይሆን አባትህን ነው የዋሸኸው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ጌታችን ስለ አዲስ ወይን ጠጅና ስለ አሮጌ አቁማዳ የተናገረውን ምሳሌ (ማቴ. 9፥17) ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን በዚያ ቁልቁለት ነው። ብዙዎቻችን በአንድ ጉባኤ ልባችን ይነካል፤ ንስሐ ገብተን በአዲስ ኃይል እንነሣለን። ዳገቱንም በፍጥነት ስንወጣው ሰው ያደንቀናል። ዳሩ ግን የቀደመው ሕይወታችን የሚቆምበት ልማድ ለአዲሱ አይበቃም። ምላሳችን፣ ባልንጀርነታችን፣ «አዎን» እና «አይደለም» የምንልበት ቃላችን ከልባችን ጋር እንደ ገና ካልተሠራ፣ ቅንዓታችን ራሱ እኛንም የጫንናቸውንም ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ጉድለት በሜዳ አይታወቅም። እኔም በሰፈር ውስጥ ስነዳ «ይበቃል» ብዬ ነበር።

ስለዚህ የንስሐ አባታችን «ጥቂት ቆይ፣ ይህ ገና ቀርቶሃል» ሲሉን መዘግየት አይምሰለን። በአባቴና በመካኒኩ ምክር ፊት የቸኮልሁት እኔ፣ ዛሬ የአሥራ አንዱን ልጆች ስም በጸሎቴ እጠራለሁ። ፒካፗ እስከ ዛሬ ጣርማ በርን ትወጣለች፤ ትወርዳለችም። ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ግን ሁልጊዜ አቆማትና ፍሬኑን አንድ ጊዜ እረግጣለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።