መጀመሪያ ምጣዱ፣ ከዚያ መኪናው

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ዘመድ በዝቶልናል። ደስ ይላል! ግን ለበዓል ክፍለ ሀገር ለምትወጡ አንድ ነገር ልበላችሁ።

ለፋሲካ በወንድሜ መኪና ከአዲስ አበባ ሐዋሳ አክስታችን ጋ ወረድን፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መውረዱ ቀላል ነው፣ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ባትሪ ይበላል። የቤት ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ቢሰጥ፣ በ10 ሰዓት የሚገባው 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ያ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ ሁለት ሌሊት መሰካት ግድ ሆነ። ምጣዱ አብሮ ከተሰካ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል።

አክስታችን ጡረተኛ ናት፣ መብራቷም በካርድ ነው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቃት "መኪናው ይጥገብ፣ እኔ እደርሳለሁ" ብላ ሳትጋግር አደረች። ብር ብንሰጣት እንደማትቀበል ስለምናውቅ ካርዷን ሞልተንላት ወጣን።

እና ወገኖቼ፣ ሰው ቤት ስትሰኩ "ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የኛ ሰው እንግዳውን አይቻልም አይልም። ቆጣሪውን ራሳችሁ እዩ፣ መጀመሪያ እንጀራው ይጋገር፣ ካርዱንም ሞልታችሁ ውጡ።