የጃንሆይ ሳንቲሞች በእናቴ ግቢ

የ13 ዓመቱ ልጄ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ግዢልኝ ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። በዩቲዩብ የሚያያቸው እንግሊዛውያን መሣሪያውን በእርሻ ላይ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይሄዳሉ፤ ጢጥ ሲል ይቆፍራሉ፤ የሮማውያን ሳንቲም ይዘው ይነሳሉ። «እኛም አገር እኮ አክሱም አለ» ይለኛል። እውነቱን ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ ክረምት አፈሩን ሲያጥበው ዛሬም በማሳ ላይ ይገኛል። ግን መሣሪያ ይዞ መውጣት አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ይህን ስነግረው አኮረፈ። የመሣሪያውን ዋጋ ገና አልነገርኩትም።

ያለ መሣሪያ ያገኘው ባለፈው ግንቦት፣ ልደታ ማርያም አካባቢ ካለው የእናቴ ግቢ ነው። በዙሪያው ስንት ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ እስካሁን የቆየ ግቢ ነው። ግንቦት ልደታን ከጎረቤት ጋር ንፍሮ የምንበላው እዚያ ነው። ዝናብ ስለፈራን ለሸራው ቋሚ ጉድጓድ ቆፍር አልነው። ክንድ ሳይሞላ ዶማው ቆርቆሮ መታ። ዝገት የበላው ጣሳ ነበር፤ ሲያነሳው እጁ ላይ ፈረሰ። ውስጡ 34 ሳንቲም፣ አረንጓዴ ለብሶ፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ።

ልጄ ሎሚና አሸዋ ሊያመጣ ሮጠ። አስቆምኩት። መዳብ መሬት ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በአሸዋ ሲፈትጉት ምስሉንና ጽሑፉንም ይዞ ይሄዳል። የተፈተገ ሳንቲም ደግሞ ሰብሳቢ አይወደውም። በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፈን በጨርቅ ጫን ጫን እያደረግን አደረቅናቸው።

ማታ ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። በአንድ በኩል የጃንሆይ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የደፋው አንበሳ። ፲፱፻፴፮ የሚለውን ልጄ ማንበብ አልቻለም፤ ግዕዝ ቁጥር የሚያውቀው እስከ አሥር ነው። «አሥርና ዘጠኝ፣ መቶ፣ ሠላሳና ስድስት» እያልኩ አስቆጠርኩት። ሁሉም አንድ ዓመት መሆኑ ገረመው። እነዚህ ሳንቲሞች መጀመሪያ የተመቱት አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው፤ ሥራ ላይ የዋሉት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ቀኑ አልተቀየረም። ስለዚህ 1936 ይላል ማለት የ1936 ነው ማለት አይደለም። ብዙ ስለተመቱም ሀብታም አያደርጉም። አንዷ ብቻ ተለየች፦ ጃንሆይ ዘውድ የደፉባት፣ ፲፱፻፳፫ የተጻፈባት ባለ 5 ማቶኛ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረች ናት።

እናቴ እስከዚያ ዝም ብላ ታየን ነበር። ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረፈውን ስሙኒ አንስታ በጣቷ ዞረችው። ድሮ ስሙኒው ክብ ነበር፤ ከ50 ሳንቲሙ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ነው ጠርዙ የተቀየረው። ስለዚህ ታወራለች ብዬ ስጠብቅ «ጣሳው የምን ነበር?» አለችኝ። ዝገት ነው፣ ምኑ ይታወቃል አልኳት።

በ1960 ዓ.ም. አካባቢ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ሳንቲም ከነጣሳው ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበረችው አንዲት ከመንዝ የመጣች ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ 15 ቢሆን ነው። ልጅቷ በማርያም ብትምልም የሚሰማት አላገኘችም። እናቴ የወሩን ደመወዝ ሳትከፍላት አሰናበተቻት። (ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷው ናት።)

«ሰርቃ ቀብራው ይሆናላ» አለ ልጄ።

«ሰርቃ ቢሆን ትታው ትሄድ ነበር?» አለችው።

ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ጋ ዋሽንግተን ደወልን። መጀመሪያ ሳቀ። «እኔ ያገኘሁትን ሁሉ እቀብር ነበር፤ የአባባን መነጽር እንኳ ቀብሬ ተገርፌያለሁ» አለ። ጣሳውን ግን አላስታውስም አለ። ለምን እንደጠየቅነው ስንነግረው ግን ስልኩ ላይ ብዙ ቆየ።

ማቶኛዋን ትተን ቆጠርነው፦ ስድስት ስሙኒ፣ አሥራ አራት ባለ አሥር፣ አሥራ ሁለት ባለ አምስት፣ አንዲት ባለ አንድ። 3 ብር ከ51 ሳንቲም። ልጄ በቸርችል ጎዳና የጥንት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ስንት እንደሚሰጡን ጠየቀ። እናቴ ማቶኛዋን ሰጠችው። የቀረውን «የእኛ አይደለም፣ ደመወዟ ነው» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። አሁን መንዝ የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር የልጅቷን ስም ከነአባቷ ትነግረዋለች። «በሕይወት ካለች ሰባ አልፏታል» ትላለች፤ «ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፤ እሱ አይጠፋም።»