የሳባ ማድያት

እናቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት በገባች በማግስቱ ጠዋት፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው ባለ መረብ ሳጥን ፊት ቆማ አማተበች። ከውስጥ በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት ተቀምጣለች። በአንድ ዓይኗ እናቴን ታያለች፤ በሌላው ጣሪያውን።

«ይቺ እዚሁ ነው የምታድረው?»

«እዚሁ ነው አያቴ። ስሟ ሳባ ነው» አለች የእህቴ ልጅ።

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኛ ሰው የምንሰድብባትን እነሱ ስም አውጥተው ይቀልቧታል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በአማርኛ «እስስት» ብሎ እንደ መስደብ የሚቀል ነገር የለም። ጠዋት ካንዱ ጋር ምሎ ማታ ከሌላው ጋር የሚገዘት ፖለቲከኛ፣ ሲሾም ሰላምታ የሚያጥረው ጓደኛ፣ ስናጣ ስልክ የማያነሳ ዘመድ፣ ሁሉም እስስት ነው። እኔም ይህን ስም በዕድሜዬ ለስንቱ እንዳደልኩት አላስታውስም። አንዲትን እስስት ግን አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም። ልጅ ሳለን አጥር ላይ ካየናት ወይ እንሸሻለን፣ ወይ ድንጋይ እናነሳለን። ጠባይዋን የሚጠይቅ አልነበረም።

ሳባ ስሟን ያገኘችው በአገሯ ምክንያት ነው። ዘሯ ከየመንና ከደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ ከእኛ የሚለያት ቀይ ባሕር ነው። ንግሥተ ሳባን እኛም የመኖችም «የኛ ናት» እንደምንል የሰማች የእህቴ ልጅ፣ «ለሁለታችሁም ትሁን ብዬ ነው» ትላለች። እርግጥ ሳባ የመንን አይታ አታውቅም። አሜሪካ ውስጥ የተፈለፈለች ናት፤ በዚህ በዚህ ከአሳዳጊዋ ጋር ይመሳሰላሉ። አናቷ ላይ እንደ ጉልላት ሽቅብ የወጣ አጥንት ስላላት፣ ፈረንጆቹ ዝርያዋን «የተከናነበችው እስስት» ይሉታል።

ሴት መሆኗ የታወቀው ገና ከእንቁላል ስትወጣ ነው። የዚህ ዝርያ ወንድ ከኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉጥ ይዞ ይፈለፈላል፤ እሷ የላትም። በእስስት ገበያ ደግሞ ሴትነት ብዙ አያስሞግስም። የማዳጋስካሩን ባለ ነብር ስም እስስት ብንወስድ፣ ወንዶቹ በትውልድ ቦታቸው ነው የሚጠሩት፤ የአምቢሎቤው፣ የኖሲ ቤው፣ የአምባንጃው እየተባለ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሰማያዊና ቀይ፣ የየራሱ አረንጓዴ አለው። ሴቶቹ ግን ከየትም ይምጡ ኮክ የመሰለ ደብዛዛ መልክ ነው ያላቸው። ምክንያቱ ከቆዳ ሥር ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ የእስስት ቀለም መለወጥ በቆዳ ውስጥ ያለ ማቅለሚያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቆዳ ሕዋሶች ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እንስሳው ሲረጋ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ከቢጫው ቀለም ጋር ሲደራረብ አረንጓዴ ሆኖ ይታየናል። ሲቆጣ ወይም ሲነሳሳ ይራራቃሉ፤ መልኩም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይሄዳል። በዚያ በማዳጋስካሩ ዝርያ ይህ የላይኛው ንጣፍ በደንብ የሚዳብረው በአዋቂ ወንዶች ላይ ነው።

ታዲያ ሴቷ የምትለው የላትም ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት ግን አጥፍቼ ነው።

እስስት የተቀመጠችበትን ትመስላለች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንድ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል፣ ልሞክራት ብዬ የመረቡን በር ከፈትኩና የእናቴን ነጠላ፣ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ የሆነውን፣ አጠገቧ ዘረጋሁት። ሳባ ቀይም ወርቃማም አልሆነችም። አረንጓዴው ጠየመ፤ ከዚያ ጠቆረ። ጎኗ ላይ እስከዚያ ያላየሁት ነጠብጣብና ሸንተረር ብቅ ብቅ አለ። ሰውነቷን እንደ ቅጠል አሳስታ፣ አፏን ከፍታ፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ከጥለቱ ጋር የሚገጥም አንድም ቀለም አልነበራትም፤ ግን እንዴት ታምራለች! ስልኬን አውጥቼ አነሳኋትና ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላክኋት። ከአዲስ አበባ፣ ከሪያድ፣ ከፍራንክፈርት ቀይ ልብ ጎረፈልኝ።

የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አጎቴ፣ ምን አደረግሃት?»

«ምን አደረግኋት? አምሮባት እኮ ነው።»

«አላማረባትም። ፈርታ ነው።»

ያ ሁሉ ልብ የተላከው ለፍርሃቷ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ፊደል አስቆጠረችኝ። ሳባ ጠዋት ጥቁር ሆና ከተገኘች በርዷት ይሆናል፤ ጥቁር ሙቀት ይስባልና። አምፖሉ ሥር ስትቀመጥማ አምፖሉን ያየው ጎኗ ብቻ ይጠቁርና ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ ባንድ ወገን ብቻ እሳት እንደነካው ዳቦ። ስትተኛ ትፈካለች። ቆዳዋን ልትጥል ስትል ነጭ ነጭ ትላለች። መስተዋት ውስጥ ራሷን ካየች ሌላ እስስት የመጣባት መስሏት ትጨልማለች፤ ብቸኝነት ለእሷ ቅጣት ሳይሆን ኑሮዋ ነውና። ቀኑን ሙሉ ጠቁራ፣ በቀን ብርሃን ዓይኗን ጨፍና ከዋለች ግን ታማለችና ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ጥቁሩ አንድ ነው፤ ንባቡ ብዙ ነው። እኛም «ገና» ብለን እንጽፍና በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ አንባቢው ከግራ ከቀኙ አይቶ ይለየዋል። ሳባን የሚያነብ ሰውም ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ፊቷ የቆመውን ሰው አብሮ ማንበብ አለበት።

አዋቂዎቹም ከልጅቷ ጋር ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደቡብ አፍሪካን ድንክ እስስቶች ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዴቪ ስቱዋርት ፎክስና አድናን ሙሳሊ፣ ቀለም የመለወጡ ችሎታ እንዲህ የሰፋው ለመደበቅ ሳይሆን እርስ በርስ ለመነጋገር ነው የሚል ማስረጃ አቀረቡ። ራስል ሊጎን የተባለው ተመራማሪ ደግሞ የሳባን ዘር ወንዶች ሲያጋጥም፣ የተሸነፈው ሲጠቁር አየ። «በቃኝ፣ አትምታኝ» ማለቱ ነው። እኛ ለከዳተኛ ስም የሰጠንባት ፍጥረት፣ ለካስ የሆድን በሆድ መያዝ የማይሆንላት ናት።

በኅዳር አንድ ማለዳ ሳባ ሌላ ሆና ተገኘች። መደቧ እንደ ጥላሸት የጠቆረ አረንጓዴ ሆኖ፣ በላዩ ላይ ፈካ ያለ ሰማያዊና የሰናፍጭ ቢጫ ተረጭቶበታል። ፌንጣ ሲሰጣት ፊቷን ታዞራለች፤ ከቅርንጫፉ ወርዳ ወለሉን ትቧጥጣለች። የእህቴ ልጅ አምፖሉን ለካች፣ ውሃውን አየች፣ ከመስኮቱ መስተዋት ራቅ አደረገቻት። በመጨረሻ ወደ እኔ በጥርጣሬ ዞረች። በእግዜር ይሁንብኝ፣ በዚያን ቀን አልነካኋትም።

እናቴ ከሲኒዋ ፉት እያለች፣ «ምን ትደክሚያለሽ የኔ እናት? ነፍሰ ጡር ናት። ማድያቷን አታዪውም?» አለች።

«ባል የላትም እኮ አያቴ!»

«የፈረንጅ ዶሮስ ባል አላት?»

ልጅቷ መጽሐፏን ገለጠች፤ አያቷ ሰባት ወልዳ የምታውቀውን መጽሐፉም ያውቀው ኖሯል። የሳባ ዘር ሴት ወንድ ሳታይም እንቁላል ትይዛለች፤ አይፈለፈልም እንጂ ትጥለዋለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ደርዘን ሊሆን ይችላል፤ በላይ በላይ የምትቀለብ ደግሞ ይብስባታል። ያ ጨለማ ከሰማያዊና ከቢጫ ጋር በዱር ለሚመጣ ወንድ የተጻፈ ነው፤ «አትቅረበኝ፣ አልፈልግህም» ይላል። ወንዱ ካልሰማ አፏን ከፍታ ትመጣበታለች። ጉዳዩ ከመልክ ያለፈም ነው። የምትቆፍረው ቦታ ያጣች እስስት እንቁላሏን ይዛ ትቀራለች፤ ይዛ ከቀረች ትሞታለች።

አንድ ባልዲ እርጥብ አሸዋ፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሳባ መቆፈር ጀመረች፤ ከዚያ አቆመች። ሁላችንም ዙሪያዋን ከበን ነበር፣ እኔም እንደ ልማዴ ስልኬን ይዣለሁ። መጽሐፉ በዚህም ላይ ጥብቅ ነው። ሰው እያያት መሆኑን ካወቀች ጉድጓዷን ትታ ትወጣለች።

«ተነሱ ከዚህ!» አለች እናቴ። «ወላድ ዓይን ያያታል እንዴ?» ያንኑ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። እኔ ያስፈራራሁባት ጥለት መጋረጃ ሆናት። የተከናነበችው እስስት፣ እውነተኛ ክንብንቧን ያገኘችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ማታ አሸዋው ተደልድሎ፣ እሷ ከሲታ ሆና፣ አፍንጫዋ ጭቃ እንደነካው ቅርንጫፏ ላይ ተገኘች። 41 እንቁላል ቆጠርን። እናቴ በመረቡ በኩል ጎንበስ ብላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻትና፣ ገንፎ እንደማይሆንላት ተነግሯት ካልሲየም የተነሰነሰበት ፌንጣ ሲቀርብላት ቆማ አየች። ከቀናት በኋላ አረንጓዴው ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ ፊልም አሳየችን። በምዕራብ ማዳጋስካር የላቦርድ እስስት የምትባል አለች፤ እንቁላል ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ወር ቆይታ፣ ከተፈለፈለች በኋላ አራት አምስት ወር ብቻ ትኖራለች። ፊልሙ ላይ አንዲቱ እንቁላሏን ቀብራ፣ ደክማ መሬት ላይ ትወድቃለች። ሲሞት የሚደበዝዝ እንጂ የሚደምቅ አይቼ አላውቅም። ነፍሷ ስትወጣ ግን ቀለሙ በቆዳዋ ላይ እንደ ማዕበል ይሮጣል፤ ወይን ጠጁ፣ ብርቱካኑ፣ ነጩ ይፈራረቃል። ያየው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ የእህቴ ልጅ አየችኝና ዝም አልኩ።

ሳስበው አማርኛ ይህን ፊደል ድሮም ያውቀዋል። ፊቱ ጠቆረ እንላለን፤ ፊቷ ፈካ እንላለን፤ ደም መሰለ፣ አመድ ለበሰ። ሰው ቀለም እንደሚለውጥ ቋንቋው ሳይቀር መስክሮ ሳለ፣ ስድቡን ለእስስት ሰጠን። የሚገርመው ደግሞ ንባቡን ችለን አለማንበባችን ነው። አንድ ሰው ፊቱ ጠቁሮ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲለን፣ ዓይናችን ያየውን ትተን ጆሯችን የሰማውን ይዘን እንሄዳለን። እንዲያ ይቀለናል።

በጥር መጀመሪያ በረዶ ጣለ። እንግዳ ሆኜ ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ እናቴ ሳሎኑ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በጭኗ ላይ ነው። የክረምቱ ፀሐይ ባንድ ጎኗ ብቻ መጥታ ጉንጯንና ሽበቷን አብርታለች፤ ሌላው ጎኗ በጥላ ውስጥ ነው። ውጭውን ታያለች። ስዕል ትመስላለች። ስልኬን አወጣሁና ከፍ አደረግሁት።

ከዚያ ግራ ቀኙን አየሁ። ሲኒው ሙሉ ነው፤ ቡናዋ ቀዝቅዟል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ ሳባ ብቻ አምፖሏ ሥር፣ እሷም ባንድ ጎኗ ጠቁራ።

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ በረደሽ?»

«አልበረደኝም። ምንም አልሆንኩም።»

ዝም ብዬ ጠበቅሁ። እስስት ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ተምሬአለሁ።

«አገሬ» አለች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ።