ሰነዶቻችን በማን እጅ ናቸው?

የዚህ ገጽ ደንበኞች ከእኔ የሚጠብቁት ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ እንድጽፍ ነው። ዛሬ የማነሣው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወግ ይመስላል፤ ነገር ግን ከተለመደው ጉዳያችን ብዙ አልራቅሁም። ለመሆኑ አንድ ዜጋ አዋጅ ጠቅሶ ለመከራከር ቢፈልግ አዋጁን ከየት ያገኘዋል? ቢያገኘውስ የሚፈልገውን ቃል በውስጡ እንዴት አድርጎ ያስሰዋል?

ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም.፣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተሙ ኖረዋል። ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወሩት የፒዲኤፍ ቅጂዎች ብዙዎቹ ግን ስካን የተደረገ ወረቀት ምስሎች ናቸው። ለሰው ዓይን ፊደል የሆነው ለማሽኑ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ራሱ በዚህ መልክ ደርሶኝ ያውቃል። መረጃ የማግኘትን መብት የሚደነግግ ሕግ ቃል የማይፈለግበት ሥዕል ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል?

መፍትሔውን ከመንግሥትም ከነጋዴም ሳልጠብቅ ያገኘሁት፣ ምንጫቸው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ጥቂት መሣሪያዎች ዘንድ ነው። ምስልን ወደ ፊደል የሚመልሰው ቴሰራክት ይባላል። ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው ሲሆን በ2005 ምንጩ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ዕትም ደግሞ በነርቭ መረብ ስልት የተሠራ ነው። አማርኛም ትግርኛም ያነባል። ኦሲአርማይፒዲኤፍ የተባለው ባልንጀራው ቴሰራክትን እየተጠቀመ የተነበበውን ፊደል ከገጹ ምስል ሥር በስውር ያነጥፍለታል፤ ገጹ እንደ ድሮው ይታያል፣ ቃሉ ግን ይገኛል። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ስለሚያትም ሁለቱንም ቋንቋዎች በአንድ ትእዛዝ መጥራት ያስፈልጋል። ይሳሳታል፤ በደበዘዘ ወረቀት ላይ «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ተ»ን ከ«ቱ» ያምታታል። ስለዚህ ለጥቅስ የምጠቀመው ዋናውን ገጽ በዓይኔ አይቼ ነው፤ ማሽኑ ገጹን ያመለክተኛል እንጂ አይመሰክርልኝም።

ፊደሉ ከተገኘ በኋላ ተራው የግሬፕ ነው። ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ይህ ትንሽ ፕሮግራም ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የተባለውን ቃል የያዘውን መስመር ፈልጎ ማውጣት። ለእኛ ቋንቋ ግን ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር የተሻለ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ምክንያቱ ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ጸ»፣ ሌላው በ«ፀ»፣ አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሰነድ ያጣዋል። በግሬፕ [ጸፀ][ሐሀኀ]ፊ ብሎ መጻፍ ስድስቱንም አጻጻፍ በአንድ ትንፋሽ ያመጣል። (ሞክሼዎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው የሊቃውንት ክርክር ዕድሜው ረዥም ነው፤ ቢያንስ «ለኮምፒዩተር አይመቹም» የሚለው ማስረጃ ከክርክሩ ቢወጣ ደስ ይለኛል።) በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የሚመቱ ጸሐፊዎችን ደግሞ ሴድ የተባለው መሣሪያ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያርምልኛል። መቶ ፋይል ቢሆን፣ ሺህ ቢሆን፣ ትእዛዙ ያው ነው።

እነዚህን መሣሪያዎች የምጠራው ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት፣ በጽሑፍ በማዘዝ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ «ይህ የአያቶች ኮምፒዩተር አይደለም ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የዛሬ ዐሥር ዓመት የጻፍኩት ትእዛዝ ግን ዛሬም ይሠራል፤ እነርሱ የሚኮሩበት ውብ ገጽታ በየዓመቱ ቦታውን ሲለዋውጥ አያለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የአሮጌ ፎንት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፊደላችን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ተደብቆ ይኖር ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ፊደላችንን በሁለትና በሦስት የፎንት ፋይል ከፋፍለው ያስቀምጡት ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም ይጠፋል። የስንት ተመራማሪ የድካም ፍሬ፣ የስንት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ዛሬ ሲከፈት የምልክት ትርምስ ሆኖ ይታያል! አልተቃጠለም፣ አልተሰረቀም፤ የሚያነበው ግን የለም።

እነዚህን ማዳን ይቻላል። ሊብረኦፊስ መስኮት ሳይከፍት፣ ከትእዛዝ መስመር ብቻ፣ የድሮውን የወርድ ፋይል ወደ አዲሱ ዓይነት በጅምላ ይለውጣል። አዲሱ ዓይነት ሲፈታ የታጨቁ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ሐረግ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ በውስጡ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ አጭር የፓይተን ጽሑፍ የፎንቱን ስምና የላቲኑን ምልክት አንድ ላይ አይቶ ትክክለኛውን ፊደል ይተካል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፓንዶክ የፎንት ስም ስለማይጠብቅ፣ አስቀድሞ የሄደ ሰው ምልክቱ ከየትኛው ፎንት እንደመጣ ማወቂያ ያጣል። ፓንዶክን ጆን ማክፋርሌን የተባሉ የበርክሌይ የፍልስፍና ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ያቀረቡት ሲሆን፣ ሰነድን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ያሻግራል። እኔ ሁሉንም ወደ ተራ ጽሑፍ እመልሳለሁ። ተራ ጽሑፍ ለማንበብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የት ይቀመጡ? ይህ ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ አለመሆኑን በሰኔ 2012 ዓ.ም. አየን። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር የማስተርስ ተማሪዎቻችንን የምናማክረው በኢንተርኔት ነበር። የአንዷ ተማሪዬ ረቂቅ ጽሑፍ ባሕር ማዶ ባለ ክላውድ ላይ ብቻ ነበርና፣ የራሷን ድካም ሳታየው ሰነበተች። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ አማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰባቸው መዘጋት ከዚህ በብዙ ይረዝማል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው አይደለምን?

የራስን ሰርቨር ማስተዳደር ግን አንዳንዶች እንደሚያወድሱት ቀላል አይደለም። ኔክስትክላውድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ለአንድ የትምህርት ክፍል መልካም ነው፤ በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ከሌለ ግን ለሌባ የተከፈተ በር ይሆናል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩም አብሮ ይሄዳል። ለአንድ መምህር ሲንክቲንግ ይበቃዋል፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቤት መረብ ላይ ካሉ ኢንተርኔት ቢዘጋም ፋይሎቻቸውን ያመሳስላሉ። ሆኖም ማመሳሰል መጠባበቂያ አይደለም፤ በአንዱ የተሰረዘ በሌላውም ይሰረዛልና። ስለዚህ አርሲንክ የተለወጠውን ብቻ እየመረጠ ወደ ውጭያዊ ዲስክ ይገለብጥልኛል፤ ዲስኩም በየወሩ መጨረሻ እኅቴ ቤት ያድራል።

«ነጻ ሶፍትዌር» ሲባል የዋጋ ነገር የሚመስላቸው አሉ። አማርኛችን ግን በአንዲት «በ» ይለየዋል፦ «በነጻ» የተሰጠና «ነጻ» የሆነ አንድ አይደሉም። ክላውዱን በነጻ ይሰጡናል።

መጀመር የሚሻ አንባቢ ከኦሲአርማይፒዲኤፍ ይነሣ። በዲቢያንና በኡቡንቱ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፤ የአማርኛው የንባብ መረጃ ለብቻው የሚጫን በመሆኑ እንዳይዘነጋ። እኔ በሦስት ፎንት ከተጻፈ አንድ ጥራዝ ጋር እየታገልኩ ነው። የሁለቱን ፎንቶች ሰንጠረዥ ጨርሻለሁ፤ የሦስተኛውን ግን ታትሞ በቀረ አንድ ወረቀት እያመሳከርኩ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው። እስከ ትናንት ማታ «ኳ» ደርሻለሁ።