ከመመዝገቡ በፊት ሙቃበላ



በመድረሳ ያደገ ሰው «ሙቃበላ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ደረሳው ኪታብ ገልብጦ ሲጨርስ ሥራው አላለቀም። የገለበጠውን ከዋናው ጋር አስቀምጦ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ፣ ፊደል በፊደል ማስተያየት ይቀረዋል። ቆም ባሉበት ቦታ በኅዳጉ ላይ «በለገ» ተብሎ ይጻፋል፤ ማስተያየቱ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

እኔ በማስተምርበት በአሶሳ ይህንኑ ሥራ ዛሬ በኮምፒዩተር እንሠራዋለን። የተማሪዎቻችንን የስምና የውጤት መዝገብ ሦስት መምህራን ስለምንነካው፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው «ጊት» በተባለ ፕሮግራም እንይዘዋለን። ጊት በፋይሉ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል። ለውጡ ታሪክ ሆኖ የሚቀመጠው «ኮሚት» ሲደረግ ነው። ከዚያ በፊት «ጊት ዲፍ» ብለው ቢያዝዙት የተነካውን መስመር አሮጌውን ከላይ፣ አዲሱን ከታች አድርጎ ያሳያል። የወጣው የመቀነስ ምልክት ይዞ ብዙውን ጊዜ በቀይ፣ የገባው የመደመር ምልክት ይዞ በአረንጓዴ ይታያል።

ባለፈው ሰኔ አንድ ወጣት ባልደረባችን መዝገቡን ላስተካክል ብሎ በቅንነት ተነሣ። ኮሚት ከማድረጉ በፊት አብረን ስናይ ማሳያው በቀይና በአረንጓዴ ተሞልቷል። ሐሊማ ወጥታ ሀሊማ ገብታለች፤ ዑስማን ወጥቶ ኡስማን ገብቷል። ሐመሩን ሐ ሁሉ በሃሌታው ሀ፣ ዓይኑን ዐ ሁሉ በአልፋው አ ተክቶታል።

«ኡስታዝ፣ ድምፁ አንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

በአማርኛ አነጋገር አንድ ነው። ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ፊደል ነው፤ ስሙ ለመጣበት ለዐረብኛም ሓእና ሃእ ሁለት ናቸው። ይህን እንኳ ብንተወው የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት አለ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ከተጀመረ ወዲህ ስም በብዙ ቦታ ይመሳከራል፤ አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ተጨምሯል። የትምህርት ማስረጃው በአንድ ፊደል ቢለያይ አባትየው ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል። ከወላጆቻችን መካከል ከገጠር በእግሩ የሚመጣ አለ፤ ሰኔ ደግሞ የእርሻ ወቅት ነው።

ታዲያ ሁሉን ጥለን አላለፍንም። በዚያ ቀይና አረንጓዴ መካከል አንድ ትክክለኛ እርማት ነበረ፤ 85 ያገኘ ተማሪ 58 ተብሎ ተጽፎ ኖሮ ልጁ ከወረቀቱ አይቶ አቅንቶታል። ጊት ለውጡን ከፋፍሎ አንድ በአንድ «ይግባ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ውጤቱን አዎ አልን፤ ስሞቹን አይሆንም አልን።

ለሚሞክሩት ወጣቶች ሁለት ሦስት ነገር ልንገራችሁ። «ጊት አድ» ካላችሁ በኋላ ተራው ዲፍ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም፤ ለኮሚት የተዘጋጀውን ለማየት «ስቴጅድ» የሚለውን ቃል መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ ፋይልም ጊት እንዲከታተለው እስካልነገራችሁት ድረስ በዲፍ ላይ አይወጣም። በዎርድ የተጻፈ ሰነድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ተለያይቷል» ከማለት በቀር ልዩነቱን አያሳያችሁም፤ ስለዚህ መዝገቡን በተራ ጽሑፍ ያዙት። የፋይሉን ስም በአማርኛ ብታወጡለት ደግሞ የቁጥር ጋጋታ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ በአንድ ማስተካከያ ይድናል። (እኛ ሰነፍ ሆነን ይሁን ለምደነው፣ ቁጥሩን አይተን ፋይሉን እናውቀዋለን።)

አንድ የማይቻለው ነገር አለ። ዲፍ ምን እንደተለወጠ ያሳያል እንጂ የቱ ትክክል እንደሆነ አይነግርም። 58ም 85ም ለእርሱ እኩል ናቸው። ስለዚህ ከኮሚት በፊት ያ ወጣት ቀዩንና አረንጓዴውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ የወረቀቱን መዝገብ ይዤ እከተላለሁ። መብራት ከጠፋ ወረቀቱ ላይ የደረስንበትን በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። የ7ኛ ክፍል ገና ይቀረናል፤ ኢንሻ አላህ በዚህ ሳምንት እንጨርሰዋለን።

ወሰላም።