ሳለ እና መመለስ

ከባንክ ሥራዬ ስወጣ ሴቻ ዳገት ላይ ቆሜ የአባያን ቀይ ውኃ የማየት ልማድ አለኝ። ማታ ማታ ደግሞ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ እማራለሁ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ይህ ቋንቋ የትእዛዝ ቃላቱን ከእንግሊዝኛ ተውሷል። ሲዋስ ግን ትርጉማቸውን እንዳለ አልወሰደም።

መጀመሪያ የተሰናከልሁት በ«ሪተርን» ነው። በተማሪ ቤት «መመለስ» ብዬ የሸመደድሁት ቃል ነበርና ከሥሩ ሌላ ትእዛዝ ጻፍሁ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ተሳስተሃል እንኳ አላለኝም። የሚያስተምረኝ ወጣት «ጋሼ፣ ከሪተርን በታች ያለውን አይሠራውም። ውጤቱን አስረክቦ ይወጣል» አለኝ።

በእኛ ቤት መመለስ መውጫ አልነበረም። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል ወደ ደጋው ይመለስ ነበር። ዕዳው የሚከፈለው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ ቤታችን ቤት የሚሆነው እሱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ዋይል» ነው፤ «ሳለ» እንደ ማለት። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ስንል ጀንበር የጠለቀች ጊዜ ሩጫው ያበቃል። ማሽኑ ግን ጀንበሯን የሚያየው በእያንዳንዱ ዙር መነሻ ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ብትጠልቅበትም የጀመረውን ዙር ሳይጨርስ አያውቅም።

ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። በ1994 ዓ.ም. መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የአባቴ መርዶ ከሽሮ ሜዳ መጣ። እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲያበቁም እንዝርቷን አላስቀመጠችም፤ በእጇ የያዘችውን ባዘቶ ፈትላ ጨረሰች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመድ ልበ ደንዳና አላት። እኔም ልጅ ነበርሁና አልወደደችው ይሆናል ብዬ ተቀይሜያት ኖርሁ። ለካስ ዙሯን እየጨረሰች ነበር።

ትናንት ደወልሁላት።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ፈትሉን ለምን ጨረስሽው?»

ጥቂት ዝም አለች።

«የእሱ ጋቢ ማግ ነበር፤ ለማን ልተወው?»

ለመስቀል እመለሳለሁ አልኋት።